በአርክቲክ ባሕር የሰፈረው የጀርመን የጦር መርከቦች ጓድ (1942–1944)፦ ኃይሉ ከምን የመነጨ ነበር?

ባሕረ ነጋሽ፦

በ1942 መጀመሪያ ላይ የጀርመን ባሕር ኃይል ከቀሩት ትልልቅ የጦር መርከቦች አብዛኞቹን ወደ ኖርዌይ ጠረፍ ማዛወር ጀመረ (በዚህ ክር የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በጃንዋሪ ወር 380 ሚሊ ሜትር መድፎች የታጠቀችው ቲርፒትዝ በትሮንድሄይም አጠገብ በሚገኝ ፊዮርድ፣ ማለትም በገደላማ ተራሮች መካከል ወደ የብስ በሚዘልቅ ጠባብና ጥልቅ የባሕር ክንድ ውስጥ መልሕቋን ጣለች። አድሚራል ሼር፣ አድሚራል ሂፐርና ሉትሶቭ ተከትለዋት መጡ። በማርች 1943 ሻርንሆርስት ተጨመረች፤ ጓዱም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዋና ሰፈሩን ከዋልታው ክበብ በስተ ሰሜን ርቆ በሚገኘው አልታ ፊዮርድ አደረገ።

መርከቦቹን መጀመሪያ ወደዚያ የወሰዳቸው የሂትለር ስጋት ነበር። የእንግሊዝ ኮማንዶዎች በ1941 በሎፎተን ደሴቶችና በቮግሶይ ላይ ድንገተኛ ጥቃት ካደረሱ በኋላ፣ ሂትለር ኖርዌይ ልትወረር ነው ብሎ አመነ። የተፈራው ወረራ ግን አልመጣም። በምትኩ በመርከቦቹ ፊት የሚያልፈው፣ ከኦገስት 1941 ጀምሮ ታንክ፣ አውሮፕላን፣ ጥይትና ምግብ ጭኖ ከአይስላንድና ከስኮትላንድ ወደ ሙርማንስክና ወደ አርካንግልስክ የሚጓዘው የተባባሪዎቹ አገሮች የመርከብ ቅፍለት ነበር።

የአካባቢውን መልክዓ ምድር ሳያገናዝቡ የዚህን ጓድ ጥቅም መረዳት ያስቸግራል። በብርዱ ወራት የዋልታው በረዶ ወደ ደቡብ ስለሚገፋ ቅፍለቶቹ ወደ ኖርዌይ ጠረፍ ተጠግተው ለማለፍ ይገደዳሉ፤ የሚሸሽጋቸውም ፀሐይ ለሁለት ወር ያህል የማትወጣበት ጨለማ ብቻ ነው። በበጋ በረዶው ስለሚያፈገፍግ ወደ ሰሜን ርቀው መጓዝ ይችላሉ፣ ነገር ግን ሌሊት ስለሌለ የጠላት ቃኚ አውሮፕላን ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሊከተላቸው ይችላል። በየትኛውም ወቅት ቢጓዙ አልታ ፊዮርድ በመንገዳቸው ጎን ነው።

ለውይይት የማቀርበው ሐሳብ፣ ይህ ጓድ በጦርነቱ ያገኘው ትልቁ ድል አንድም ጥይት ሳይተኩስ ያገኘው ነው የሚል ነው። በጁን 27 ቀን 1942 ፒኪው 17 የተባለው ቅፍለት ከ30 የሚበልጡ የንግድ መርከቦችን ይዞ ከአይስላንድ ተነሣ። በጁላይ 4 ምሽት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የበላይ አዛዥ አድሚራል ሰር ዳድሊ ፓውንድ ቲርፒትዝ ወጥታለች ወይም ልትወጣ ነው ብለው በማሰብ፣ አጃቢ ክሩዘሮቹ (መካከለኛ መጠን ያላቸው የጦር መርከቦች) ወደ ምዕራብ እንዲመለሱ፣ የንግድ መርከቦቹም እንዲበታተኑ ከለንደን አዘዙ። ቲርፒትዝ በዚያ ሰዓት ገና አልታ ፊዮርድ ውስጥ ነበረች። በማግስቱ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ወጥታ አንድም የጠላት መርከብ ሳታይ ተመለሰች። የተበተኑትን መርከቦች ግን የጀርመን አውሮፕላኖችና ሰርጓጅ መርከቦች አንድ በአንድ እያሳደዱ 24ቱን አሰመጧቸው። ከእነርሱም ጋር 430 ታንኮች፣ 210 አውሮፕላኖችና 3350 ተሽከርካሪዎች ወደ ባሕሩ ወለል ወረዱ። የአባላትን አስተያየት በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የፋሲል ልጅ፦

ጽሑፍዎ የተሟላ ነው፤ ነገር ግን በመደምደሚያዎ አልስማማም። 24ቱን መርከቦች ያሰመጡት አውሮፕላኖችና ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው። የጓዱን አስተዋጽኦ በተመለከተ፣ ሉትሶቭና ሦስት ደስትሮየሮች (ከክሩዘር የሚያንሱ ፈጣን የጦር መርከቦች) ወደ ጥቃቱ መነሻ ቦታ ሲጓዙ ገና ከኖርዌይ ውኃ ሳይወጡ አለት ነክተው ከዘመቻው ውጪ ሆነዋል። ስለዚህ ድሉን ለጓዱ ከመስጠት ይልቅ ጥፋቱን ለፓውንድ ውሳኔ መስጠት የበለጠ ትክክል ይመስለኛል።

በዚያ ምሽት በለንደን የባሕር ኃይል የመረጃ ክፍል ውስጥ የነበሩት ኖርማን ዴኒንግ፣ ቲርፒትዝ ከአልታ አልተነሣችም የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። መነሻቸውም ግልጽ ነበር፤ መርከቧ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በፊት በወጣችበት ጊዜ እንደታየው የሬድዮ መልእክቶች ይኖሩ ነበር፣ በአካባቢው ያሉት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችም የራሳቸው ከባድ መርከቦች እንደመጡ ይነገራቸው ነበር። ከዚህ አንዱም አልታየም። ፓውንድ ግን አዎንታዊ ማረጋገጫ ፈለጉ። መርከቧ መልሕቋን አለመሳቷን በርግጠኝነት የሚናገር ሰው ስላልነበረ፣ የባሰውን ገምተው አዘዙ። አንድ አዛዥ በጥርጣሬ ተሸንፎ ቅፍለቱን ሲበትን ውጤቱ የጠላት ጥንካሬ ማስረጃ ይሆናል ማለት አስቸጋሪ ነው።

ባሕረ ነጋሽ፦

ወንድሜ የፋሲል ልጅ፣ የጠቀሷቸው እውነታዎች ትክክል ናቸው፤ የምንለያየው በትርጓሜያቸው ነው። ፓውንድ በጥርጣሬ የተሸነፉት ጥርጣሬው መሠረት ስለነበረው ነው። ቲርፒትዝ በቅፍለቱ መካከል ብትገባ፣ አጃቢ ክሩዘሮቹ ሊመክቷት አይችሉም ነበር። የእንግሊዝ ከባድ መርከቦች ደግሞ ከጀርመን የአየር ኃይል ሰፈሮች ክልል ውስጥ ላለመግባት በስተ ምዕራብ ርቀው ነበር የሚጠብቁት። ቸርችል በጃንዋሪ 1942 ለጦር አዛዦቻቸው በጻፉት ማስታወሻ ከዚህች መርከብ ጋር የሚወዳደር ዒላማ እንደሌለ፣ የጦርነቱም ስልት በዚያ ወቅት በእርሷ ዙሪያ እንደሚሽከረከር ገልጸው ነበር። ጃፓን በእስያ ወደፊት እየገፋች ባለችበት በዚያ ጊዜ፣ እንግሊዝ ምርጥ መርከቦቿን ለአንድ ፊዮርድ ዘብ አድርጋ በስኮትላንድ ማቆየት ነበረባት። ይህ ወጪ በሰመጡ መርከቦች ዝርዝር ውስጥ አይታይም፤ እኔ ግን ከዋናዎቹ የጓዱ ውጤቶች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ሐይቅ ዳር፦

ስለ አዛዦች ስንነጋገር የመርከበኞቹ ነገር እንዳይዘነጋ እፈልጋለሁ። በዚያ ባሕር ላይ ማዕበሉ የሚረጨው ውኃ ገና የመርከቡን ብረት ሲነካ ይረጋል። በረዶው በላይኛው ክፍል ሲከማች መርከቡ ሚዛኑን ስቶ ሊገለበጥ ስለሚችል፣ ሰዎች ቀንና ሌሊት በመጥረቢያና በመዶሻ እየሰበሩ ያራግፉታል። ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚኖረው ዕድሜ በደቂቃዎች ይለካል። የንግድ መርከበኞቹ በአብዛኛው ሲቪሎች ነበሩ።

በፒኪው 17 መበተን ወቅት አይርሻየር የምትባል፣ ከዓሣ ማጥመጃነት ወደ አጃቢነት የተለወጠች ትንሽ መርከብ ነበረች። አዛዧ ሊዮ ግራድዌል በሰላሙ ጊዜ የሕግ ጠበቃ ነበሩ። እርሳቸው ሦስት የንግድ መርከቦችን አሰባስበው ወደ ደቡብ ከመሸሽ ይልቅ ወደ ሰሜን፣ ወደ በረዶው ውስጥ መሯቸው። በአንደኛዋ መርከብ ጭነት ውስጥ ብዙ ነጭ ቀለም ተገኘ። መርከበኞቹ ከሩቅ የሚታየውን የመርከቦቹን ጎን ሁሉ ነጭ ቀቡት፤ በመርከቧ ላይ የተጫኑት ታንኮችም መድፎቻቸው ጥይት ጎርሰው ለመከላከል ተዘጋጁ። አውሮፕላኖች ሳያዩአቸው አለፉ፤ አራቱም ሩሲያ ደረሱ። የለንደን ትእዛዝ ያጠፋውን የአንድ ጠበቃ ማስተዋል በጥቂቱ አድኖታል። እንግሊዝ ለእነዚህ መርከበኞች የአርክቲክ ኮከብ የተባለውን ሜዳሊያ የሰጠችው በ2013 ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ታዛቢው፦

የጓዱን ኃይል ለመመዘን ከፒኪው 17 ይልቅ ዲሴምበር 31 ቀን 1942 በባረንትስ ባሕር የተደረገውን ውጊያ መመልከት ይገባል ባይ ነኝ። አድሚራል ኦስካር ኩሜትዝ ሂፐርን፣ ሉትሶቭንና ስድስት ደስትሮየሮችን ይዘው ጄደብሊው 51ቢ የተባለውን ባለ 14 መርከብ ቅፍለት ለማጥቃት ወጡ። በመካከላቸው የቆሙት በካፒቴን ሮበርት ሸርብሩክ የሚመሩ፣ ከ120 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መድፍ የያዙ ጥቂት ደስትሮየሮች ነበሩ፤ ሂፐር ደግሞ 203 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሯት። ሸርብሩክ ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ ተምዘግዝጎ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) እንደሚተኩስ ሰው ደጋግመው ወደ ሂፐር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሂፐርም በእያንዳንዱ ጊዜ ቶርፔዶውን ፈርታ ትሸሻለች። ካፒቴኑ በፍንጣሪ አንድ ዓይናቸውን ቢያጡም መምራታቸውን ወዲያው አላቆሙም። በመጨረሻ ሼፊልድና ጃማይካ የተባሉት ክሩዘሮች በአድሚራል በርኔት መሪነት ሲደርሱ ጀርመኖቹ አፈገፈጉ። እንግሊዞች ደስትሮየሯን አኬቲዝንና ፈንጂ ጠራጊዋን ብራምብልን፣ ጀርመኖች ፍሪድሪኽ ኤኮልትን አጡ። 14ቱም የንግድ መርከቦች ወደባቸው ደረሱ።

ኩሜትዝን ፈሪ ማለት ተገቢ አይደለም። ጉዞ ከጀመሩ በኋላ፣ አቻ ኃይል ካለው ጠላት ጋር እንኳ ቢሆን ከባድ አደጋ ውስጥ እንዳይገቡ የሚያስጠነቅቅ ትእዛዝ ከበላይ ደርሷቸዋል። ቢስማርክ በ1941 ከሰመጠች ወዲህ ሂትለር ሌላ ትልቅ መርከብ ማጣትን አይፈልግም ነበር። ሆኖም ያው ሂትለር የውጊያውን ውጤት ሲሰማ በቁጣ ትልልቆቹ መርከቦች ሁሉ ተፈታትተው ብረታቸው ለሌላ ጥቅም እንዲውል አዘዘ። የባሕር ኃይሉ የበላይ አዛዥ ኤሪኽ ሬደር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የተተኳቸው ካርል ዶኒትዝም ቲርፒትዝና ሻርንሆርስት እንዲቆዩ ሂትለርን አሳመኑት። ታግሎ ማሸነፍ ያለበትን ሰው እንዳትቆስል ብሎ ወደ ሜዳ መላክ ከመጀመሪያው ሽንፈትን መቀበል ነው። በዚህ ላይ የነዳጅ እጥረቱ ሲጨመር፣ መርከቦቹ ለወራት ከመልሕቃቸው ሳይነቃነቁ መቆየታቸው አያስገርምም።

ሰሜናዊት፦

እኔ የምኖረው በሰሜን ኖርዌይ በምትገኘው በትሮምሶ ከተማ ስለሆነ የአካባቢውን ሕዝብ በተመለከተ ልጨምር። ቲርፒትዝ የቆመችው ከአልታ ፊዮርድ ቅርንጫፎች አንዱ በሆነው በኮፊዮርድ ነበር። ዛሬ በዚያው ቦታ ስለ መርከቧ የሚያስረዳ ሙዚየም አለ። ኖርዌያውያን መርከቧን የሰሜን ብቸኛ ንግሥት ይሏት ነበር።

ጀርመኖች የአየር ጥቃት ሲመጣ ፊዮርዱን በሰው ሠራሽ ጭስ ይሸፍኑት ነበር። ጭሱ የሚሠራው ክሎሮሰልፎኒክ አሲድ ከተባለ ኬሚካል ሲሆን በዛፎች ላይ የተወው ጉዳት እስከ ዛሬ ይነበባል። የማይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት በኮፊዮርድ አካባቢ ካሉ ጥዶች መካከል የ1945 የዕድገት ቀለበት ጨርሶ የሌላቸው አግኝተዋል፤ ጭሱ ቅጠላቸውን ስላረገፈው በዚያ ዓመት አላደጉም።

ከዚያ የበለጠ የሚነካኝ የሰዎቹ ድፍረት ነው። ቶርስታይን ሮቢ የተባለው ወጣት ኖርዌያዊ በአልታ ተቀምጦ፣ በጀርመን ወታደሮች በተሞላ ከተማ ውስጥ በድብቅ ሬድዮ ስለ ቲርፒትዝና ስለ አየሩ ሁኔታ ለእንግሊዞች ያስተላልፍ ነበር። ይህ ሰው በ1947 ኮን ቲኪ በተባለችው የግንድ ታንኳ ፓሲፊክን ካቋረጡት መካከል አንዱ ነው። ሰላማዊ ነዋሪውም ዋጋ ከፍሏል። በ1944 መገባደጃ ጀርመኖች የሰሜን ኖርዌይ ግዛት ከሆነችው ከፊንማርክ ሲያፈገፍጉ ቤቱን፣ ጀልባውንና ድልድዩን እያቃጠሉ 50 ሺህ ያህል ሰው በግዳጅ አፈናቀሉ። በዋሻና በቁፋሮ ቤት ተደብቆ ያን የብርድ ወቅት ያሳለፈም ብዙ ነበር።

ዳህላክ፦

ስለ ድንክዬዎቹ ሰርጓጅ መርከቦች እስካሁን ማንም አላነሣም፤ በእኔ እምነት ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ በዝርዝር ሊጠና የሚገባው እርሱ ነው። እንግሊዞች ቲርፒትዝን ከፊዮርዱ ማስወጣት ስላልቻሉ አራት ሰው የሚይዙ፣ 16 ሜትር እንኳ የማይሞላ ርዝመት ያላቸው መርከቦች ሠሩ። እያንዳንዳቸው በግራና በቀኝ ጎናቸው ሁለት ሁለት ቶን ፈንጂ ይሸከማሉ። ፈንጂው እንደ ቶርፔዶ አይተኮስም፤ ከዒላማው ሥር ገብተው በባሕሩ ወለል ላይ ይጥሉታል፣ በሰዓት መቆጣጠሪያም ይፈነዳል።

በሴፕቴምበር 1943 ስድስቱ በትልልቅ ሰርጓጅ መርከቦች ተጎትተው ከስኮትላንድ ተነሡ። ኤክስ 9 በጉዞ ላይ እንዳለች ከነሰዎቿ ጠፋች፤ ኤክስ 8 ተበላሽታ በራሷ ሰዎች ሰመጠች፤ ኤክስ 10 ሳይሳካላት ተመለሰች። ወደ ቲርፒትዝ ያመሩት ኤክስ 5፣ ኤክስ 6 እና ኤክስ 7 ነበሩ። በሴፕቴምበር 22 ማለዳ ኤክስ 6 የመከላከያ መረቡን አልፋ ከገባች በኋላ ከአለት ጋር ተጋጭታ ወደ ላይ ብቅ ስላለች ታየች። አዛዧ ዶናልድ ካሜሮን ፈንጂዎቹን ከቲርፒትዝ ሥር ጥለው የራሳቸውን መርከብ አሰመጡ፤ ከነባልደረቦቻቸውም ተማርከው ቲርፒትዝ ላይ ተወሰዱ። በእግራቸው ሥር የተጠመደው ፈንጂ የሚፈነዳበትን ደቂቃ እያወቁ፣ በዚያችው መርከብ ላይ ቆመው ሲጠየቁ አንድም ቃል አልተነፈሱም። የጎድፍሪ ፕሌስ ኤክስ 7ም ፈንጂዋን ጥላ ነበር። ከጠዋቱ 8 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ (በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ከ12) ፈንጂዎቹ ሲፈነዱ ግዙፏ መርከብ ከውኃው ላይ ተነሥታ ወደቀች፤ ተርባይኖቿና የመድፍ ማማዎቿ ተጎዱ። ኤክስ 5 ግን ከነአራት ሰዎቿ አልተመለሰችም። ካሜሮንና ፕሌስ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ።

ቲርፒትዝ እስከ 1944 ጸደይ ድረስ ከውጊያ ውጪ ሆነች። ወደ ጀርመን ወስዶ መጠገን አደገኛ ስለነበረ ባለሙያዎቹና መሣሪያዎቹ ወደ ኮፊዮርድ መጡ። ሉትሶቭም በዚያው ወር ወደ ጀርመን ስለተመለሰች፣ ሻርንሆርስት በደስትሮየሮች ብቻ ታጅባ ቀረች።

የፋሲል ልጅ፦

ዳህላክ ያቆሙበት ቦታ ለእኔ ነጥብ ጥሩ መነሻ ነው። ጓዱ በመኖሩ ብቻ ያሸንፍ ነበር ከተባለ፣ ዶኒትዝ በዲሴምበር 25 ቀን 1943 ሻርንሆርስትን ለምን አወጡ? በምሥራቁ ግንባር የጀርመን ጦር እያፈገፈገ ሳለ፣ ቅፍለቶች በአፍንጫቸው ሥር እያለፉ መርከቦቹ ተኝተው ነዳጅ መብላታቸውን በሂትለር ፊት ማስረዳት አልቻሉም። በመኖር ብቻ የሚገኝ ኃይል አለቆችን ለረጅም ጊዜ አያረካም።

አድሚራል ኤሪኽ ባይ በከባድ ማዕበል አምስት ደስትሮየሮች ይዘው ወጡ። እንግሊዞች የጀርመንን ምስጢራዊ የሬድዮ መልእክት ይፈቱ ስለነበር መውጣታቸውን አውቀዋል። በማግስቱ ማለዳ የእንግሊዝ ክሩዘር ቤልፋስት ሻርንሆርስትን በራዳር አገኘቻት፤ ሌላዋ ክሩዘር ኖርፎክ በተኮሰችው ጥይትም የሻርንሆርስት የፊት ራዳር ተሰበረ። ከዚያ በኋላ በዋልታው ጨለማ ውስጥ የምትጓዘው መርከብ እንደታወረች ነው። ደስትሮየሮቿም ቅፍለቱን ፍለጋ ተለይተዋት ስለነበር በውጊያው አልተካፈሉም። ከሰዓት በኋላ የአድሚራል ብሩስ ፍሬዘር ትልቅ የጦር መርከብ ዱክ ኦፍ ዮርክ በራዳር ተመርታ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ቀርባ ተኩስ ስትከፍት፣ የሻርንሆርስት መድፎች በውጊያ አቅጣጫ እንኳ አልተዘጋጁም ነበር። አንድ ጥይት የማሞቂያ ክፍሏን መትቶ ፍጥነቷን ቀነሰው፤ የኖርዌዩን ስቶርድን ጨምሮ አራት ደስትሮየሮች በቶርፔዶ ደረሱባት። ከ1968 ሰዎች የተረፉት 36 ብቻ ናቸው። ፍሬዘር በዚያው ምሽት መኮንኖቻቸውን ሰብስበው፣ ከእርሱ እጅግ ከሚበልጥ ኃይል ጋር የሚጋጠም አዛዥ ቢኖር ሻርንሆርስት እንደተመራችው ይምራ ብለው እንደተመኙ ተመዝግቧል።

ሐይቅ ዳር፦

የሶቪየት ወገን ድርሻም ሊነሣ ይገባል። በአድሚራል ጎሎቭኮ የሚመራው ሰሜናዊ መርከብ ኃይል ቅፍለቶቹን በመጨረሻው የጉዞ ክፍል ያጅብ ነበር፤ ሰርጓጅ መርከቦቹም በኖርዌይ ጠረፍ ያደፍጡ ነበር። ኬ 21 የተባለችው የኒኮላይ ሉኒን ሰርጓጅ መርከብ በጁላይ 5 ቀን 1942 ወደ ቲርፒትዝ ቶርፔዶ ተኩሳ መምታቷን ሪፖርት አድርጋለች። በሶቪየት ኅብረት ለረጅም ዓመታት የቲርፒትዝ መመለስ የሉኒን ሥራ ተደርጎ ይነገር ነበር፤ በጀርመን መዛግብት ግን የተመታ መርከብ የለም። የጦር ጀግኖች ታሪክ በምስክርነት ብቻ ሲጻፍ ይህ ያጋጥማል። በአርክቲክ መንገድ በጦርነቱ ዘመን ወደ 4 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ጭነት ገብቷል። በኢራንና በፓሲፊክ በኩል የገባው ከዚያ ይበልጣል፤ ነገር ግን በ1941ና በ1942፣ ሌሎቹ መንገዶች ገና ሳይጠናከሩ፣ ቶሎ የሚደርሰው ይህ ነበር።

ሰሜናዊት፦

የቲርፒትዝን መጨረሻ ለማሟላት ያህል፦ በኤፕሪል 3 ቀን 1944 ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የተነሡ አውሮፕላኖች ደብድበዋት ከ100 በላይ መርከበኞች ሞቱባት። በሴፕቴምበር 15 የላንካስተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከአርካንግልስክ አጠገብ ካለው የያጎድኒክ ሜዳ ተነሥተው ቶልቦይ በተባለው ከ5 ቶን በላይ በሚመዝን ቦምብ የፊት ክፍሏን ቀደዱት። ጀርመኖች ዳግመኛ ለባሕር እንደማትበቃ ሲረዱ፣ የጠረፍ መድፍ ሆና እንድታገለግል ወደዚህ ወደ ትሮምሶ፣ ሆኮያ ወደምትባለው ደሴት ጎትተው አመጧት። ውሳኔው መርከቧን ከስኮትላንድ በሚነሡ አውሮፕላኖች ክልል ውስጥ አስገባት። በኖቬምበር 12 ማለዳ ሰማዩ ጥርት ባለበት ላንካስተሮቹ መጡ፤ ከባርዱፎስ የአውሮፕላን ሜዳ ይጠበቁ የነበሩት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች አልደረሱም። ቲርፒትዝ ተገልብጣ ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ከ80 በላይ የሚሆኑት ደግሞ በተገለበጠው ብረት ውስጥ ታፍነው ሳለ፣ ከላይ በእሳት መቁረጫ ቀዳዳ ተከፍቶላቸው ወጡ። ጠላት ቢሆኑም እነዚያ ሰዎች በጨለማው ውስጥ ያሳለፉትን ሰዓት ሳስብ አዝናለሁ። የቦምቦቹ ጉድጓዶች ዛሬም በደሴቲቱ ላይ ይታያሉ፤ የመርከቧን ስብርባሪ ከ1948 ጀምሮ ለዓመታት ቆራርጦ የሸጠው የኖርዌይ ኩባንያ ነው።

ባሕረ ነጋሽ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የፋሲል ልጅ ስለ ሻርንሆርስት ያነሡት ጥያቄ ሐሳቤን ያጠናክረዋል ብዬ አምናለሁ። ሻርንሆርስት በፊዮርዱ ሳለች እንግሊዞች እያንዳንዱን ቅፍለት በከባድ መርከብ ለመጠበቅ ይገደዱ ነበር፤ በወጣች በአንድ ቀን ውስጥ ያ ግዴታ በግማሽ ቀለለላቸው። ቲርፒትዝም የጠላት መርከብ ላይ ዋና መድፎቿን ሳትተኩስ ነው የሰመጠችው፤ ለጥቃት የተጠቀመችባቸው በሴፕቴምበር 1943 ስፒትስበርገን በተባለችው የአርክቲክ ደሴት ላይ ያሉ የየብስ ዒላማዎችን ስትደበድብ ብቻ ነው። ከእርሷ መስመጥ በኋላም ሰርጓጅ መርከቦቹ እስከ ሜይ 1945 ድረስ ቅፍለቶችን ማጥቃታቸውን ቀጥለዋል። ከባዶቹ የእንግሊዝ መርከቦች ግን ተለቀቁ። ፍሬዘር የፓሲፊኩ የእንግሊዝ መርከብ ኃይል አዛዥ ሆነው ተሾሙ፤ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ጃፓን እጇን ስትሰጥ በእንግሊዝ ስም የፈረሙት እርሳቸው ናቸው፣ ዱክ ኦፍ ዮርክም በቶኪዮ የባሕር ወሽመጥ ነበረች።